ከመድረክ ወደ ካሜራ፦ የቴአትር ሥልጠናን ሳይጥሉ በፊልም ለመተወን የሚረዳ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ትወናን በመድረክ ጀምረው ወደ ፊልም ለሚሻገሩ ሰዎች ነው። በአገራችን ብዙው ተዋናይ የሚጀምረው ካሜራ ፊት ቆሞ አይደለም፤ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መንፈሳዊ ድራማ፣ ቀደም ባለው ዘመን በቀበሌ ኪነት፣ ሲቀናውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ወይም ከነባሮቹ ቴአትር ቤቶች በአንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያው የቀረጻ ቀኑ ከዳይሬክተሩ አፍ የሚሰማው ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ቴአትር አበዛህ፤ ቀንስ።»

እኔም ሰምቼዋለሁ። ከብዙ ዓመት የመድረክ ሥራ በኋላ በገባሁበት የመጀመሪያው ፊልም አንዲት አጭር ትዕይንት አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጽኩ። መጀመሪያ ድምፄን ቀነስኩ፣ ቀጥሎ እጄን ሰበሰብኩ፣ ከዚያ ፊቴን አሰርኩ፤ በዘጠነኛው ቴክ (ትዕይንቱ አንዴ በተቀረጸ ቁጥር ቴክ ይባላል) ላይ የቀረው ቃሉን ሸምድዶ የሚያነበንብ ሰው ብቻ ነበር። በመካከሉ መብራት ሲያስተካክል የነበረ አንድ ወጣት በአጠገቤ እያለፈ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የሚያናግሩት ማንን ነው? ሰውየው እኮ እዚሁ አጠገብዎ ነው የተቀመጠው» አለኝ። ሐሳቡን የያዝኩት ያኔ ነው። ችግሩ የበዛ ነገር ማድረጌ ሳይሆን፣ በአንድ ክንድ ርቀት ያለውን ሰው ትቼ በቦታው የሌለ የመጨረሻ ረድፍ ታዳሚ ማናገሬ ነበር። ከዚህ በታች የተቀመጡት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከዚሁ ነው፤ ካሜራ ከመድረክ ሰው ላይ የሚያነሣው ርቀቱን እንጂ ፍላጎቱን፣ ማድመጡንና ሥርዓቱን አይደለም።

ለልምምዱ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ፣ ስልኩን የሚያቆም ትራይፖድ ወይም የመጽሐፍ ቁልል፣ ታጋሽ የልምምድ ጓደኛ፣ ሁለት ሲኒና አንድ ጀበና በቂ ናቸው። ጀበናው ለጌጥ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

ደረጃ 1፦ መድረክ የሰጠዎትን በጽሑፍ ይለዩ

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉና በግራ በኩል በቴአትር የተማሩትን ልማድ ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ይዘርዝሩ። ፊትን ወደ ታዳሚው መክፈት፣ ድምፅን ከሆድ ማውጣት፣ ከመናገር በፊት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መውጣት፣ ሳቅ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ የባልደረባን ቃል ልክ እንደ አዲስ መስማት፣ የገጸ ባሕርይውን ፍላጎት በአንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ፣ በሰዓቱ መገኘት፣ የራስን ዕቃ ራስ መጠበቅ፣ ሌላም ሌላም። በቀኝ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ልማድ ለምን እንደተፈጠረ ይጻፉ።

ሲጽፉ አንድ ነገር በግልጽ ይለያል። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገር ፍቅር፣ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ ሁሉ አዳራሹን መሙላት ነበረበት። ከሺ በላይ ወንበር ባለው አዳራሽ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን ፊት የሚያየው ከአውራ ጣት ጥፍር ባልበለጠ መጠን በመሆኑ፣ ሐዘን በትከሻ፣ ቁጣ በአረማመድ፣ ጥርጣሬ በአንገት መገለጽ ነበረበት። እነዚህ ለአዳራሽ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ አጠገባቸው «አ» ብለው ይጻፉ። የገጸ ባሕርይን ፍላጎት ማወቅ፣ ማድመጥ፣ እስትንፋስን መግዛት ግን ከአዳራሹ ስፋት ጋር አይገናኙም፤ ለሰው የተሰጡ መልሶች ስለሆኑ አጠገባቸው «ሰ» ይጻፉ። በቀጣዮቹ ደረጃዎች የሚለወጡት የ«አ» ልማዶች ብቻ ናቸው። «ሰ» የተባሉትን ማንም ዳይሬክተር ቀንስ ቢልዎ አይንኩ።

«ይህ የቴአትር ነው፣ ያ የፊልም ነው» የሚሉ ሰዎች አንድ ታሪክ ይዘነጋሉ። የፊልም ትወና ዘዴ እየተባለ የሚጠራው አብዛኛው ነገር መነሻው ቴአትር ቤት ነው። ሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅና መምህር ስታኒስላቭስኪ የገጸ ባሕርይ ፍላጎትንና የውስጥ እውነትን አሠራር የፈተነው በ1898 እ.ኤ.አ. በጋራ በመሠረተው የሞስኮ አርት ቴአትር ሲሆን፣ ትምህርቱ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በ1947 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የተዋንያን መለማመጃ፣ ለአክተርስ ስቱዲዮ፣ መሠረት ሆኗል። በዚያ ያለፉት የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን እንግዲህ የመድረክን ትምህርት ነው ወደ ካሜራ የወሰዱት።

ደረጃ 2፦ ሙሉውን ታሪክ እንደ ተውኔት ያጥኑ፣ ከዚያ ይበታትኑት

በቴአትር ገጸ ባሕርይው ከመጀመሪያው ገቢር ተነሥቶ ወደ መጨረሻው በተራ ይጓዛል፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው በሰውነትዎ ውስጥ አለ። ፊልም ግን የሚቀረጸው በቦታና በሰው መገኘት እንጂ በታሪክ ቅደም ተከተል አይደለም። የተከራዩት ቤት ለሁለት ቀን ብቻ ከሆነ በዚያ ቤት የሚከናወነው ሁሉ፣ ሠርጉም ለቅሶውም፣ በሁለቱ ቀን ይቀረጻል። የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ጠዋት 41ኛው ትዕይንት፣ ከሰዓት 6ኛው ሊሆን ይችላል።

በመድረክ ያደገ ሰው ከሌላው የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ንባብ ሙሉ ታሪክ መያዝን ለምዷልና። ይህን ልማድ ወደ ሠንጠረዥ ይለውጡት። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር ይስጡና በዚያ መስመር ላይ የሚከተሉትን ይጻፉ፦ በታሪኩ ውስጥ ስንት ሰዓት ነው፣ ከየት መጣሁ፣ እስካሁን ምን አውቃለሁ፣ ገና ያላወቅሁት ምንድን ነው፣ ከፊቴ ካለው ሰው ምን እፈልጋለሁ፣ ሰውነቴ በምን ሁኔታ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። 40ኛው ትዕይንት ላይ ደረጃ በሩጫ የወጣ ሰው 41ኛው ላይ በሩን ሲከፍት ትንፋሹ መቆራረጥ አለበት፤ ሁለቱ ትዕይንቶች የሚቀረጹት ግን በሦስት ሳምንት ልዩነት ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ ላይ «ትንፋሽ አጥሮታል» የሚል ካለ በዚያ ጠዋት ከቀረጻው በፊት ደረጃ መውጣትና መውረድ የእርስዎ ሥራ ነው።

«ገና ያላወቅሁት» የሚለውም እንዲሁ ጠቃሚ ነው። ለቅሶውን ጠዋት ቀርጾ ከሰዓት በኋላ የደስታውን ትዕይንት የሚሠራ ተዋናይ፣ ሳያውቀው በደስታው ላይ የሐዘን ጥላ ይዞ ይገባል። ሠንጠረዡን ከቀረጻ በፊት ለአንድ ደቂቃ ማየት ይህን ያስቀራል።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ይቀይሩ፣ ፍላጎቱን አይንኩ

የመመሪያው እምብርት ይህ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ይስጡት። ለልምምድ እንዲሆን አራት መስመር ብቻ ያላት ትዕይንት እነሆ። እናትና ልጅ ቡና ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁ የአባቱን ቤት ሳያማክራት ሸጧል።

እናት፦ በረካውን ሳትጠጣ እንዳትሄድ።
ልጅ፦ እማዬ፣ ቤቱን ሸጥኩት።
እናት፦ ሲኒህን አምጣ።
ልጅ፦ አልሰማሽኝም?

በመጀመሪያ የሁለቱን ፍላጎት በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወስኑ። ለምሳሌ ልጁ የሚፈልገው እናቱ እንድትቆጣውና ነገሩ እንዲያልቅለት ነው፤ እናት የምትፈልገው ደግሞ ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ሲኒ ያህል ጊዜ ከእርሷ ጋር እንዲቆይ ነው። ፍላጎቱ ከተያዘ በኋላ ትዕይንቷን በሦስት ርቀት ይሥሩ።

አንደኛ፣ እርስዎና ጓደኛዎ በግቢ ወይም በሜዳ ላይ 20 ሜትር ያህል ተራርቃችሁ ቁሙና ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲደርስ እየተናገራችሁ ተጫወቱት። መጮህ አይደለም፤ ማድረስ ነው። ሁለተኛ፣ በክፍል ውስጥ በሦስት ሜትር ርቀት ድገሙት። ሦስተኛ፣ ጉልበት ለጉልበት ተገናኝታችሁ፣ በፊታችሁ መካከል ከ50 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ርቀት ትታችሁ ተጫወቱት። በሦስቱም ጊዜ ስልኩ ይቅረጽ፤ በሦስተኛው ግን ፊትዎ ብቻ ፍሬሙን እስኪሞላ ድረስ ያቅርቡት።

በሦስተኛው ላይ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ድምፁ ማንም ቀንስ ሳይል ይቀንሳል፤ እጅ መወራጨቱን ይተዋል፤ ቅንድብ ያርፋል። ከሰው ፊት 50 ሴንቲሜትር ላይ ሆኖ የሚያውጅ የለም። ይሁንና የመጀመሪያውን ርቀት መዝለል አይገባም። ከ20 ሜትር ላይ ለማድረስ የተጋችሁበት ጉልበት በ50 ሴንቲሜትር ላይ ወደ ዓይንና ወደ ትንፋሽ ይገባል፤ በቅርቡ ብቻ የተለማመደ ሰው ግን ይህ ጉልበት አይገኝለትም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ወጥመድ ማንሾካሾክ ነው። የመድረክ ሰው ቀንስ ሲባል ድምፁን ያሾከሽካል፣ ትከሻውን ይጥላል፣ ዓይኑን ያደክማል፤ በሞኒተር ሲታይም እውነተኛ ሰው ሳይሆን የታመመ ሰው ይመስላል። ዝቅ ያለ ድምፅ ሙሉ ፍላጎት ሊሸከም ይችላል። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፦ በቅርቡ ርቀት ላይ ሳሉ ጓደኛዎ ሳይናገር ተነሥቶ ይሂድ። እጅዎ እርሱን ለመያዝ ከተነሣ ፍላጎቱ አለ፤ ዝም ብለው ከተቀመጡ ግን የቀነሱት ርቀቱን ሳይሆን ልብዎን ነው።

«ቀንስ» የሚለው ቃል ራሱ ፈጽሞ ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። አሜሪካዊው ጃክ ሌመን ከመድረክና ከቴሌቪዥን መጥቶ በ1954 እ.ኤ.አ. ለእይታ በበቃው የመጀመሪያው ዋና ፊልሙ ላይ ሲሠራ፣ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ኩከር ከእያንዳንዱ ቴክ በኋላ ቀንስ እያለ አስጨንቆት፣ በመጨረሻ ከዚህ በላይ ብቀንስ እኮ መተወኔን ልተው ነው ቢለው ኩከር የፈለግሁት ይህንኑ ነው እንዳለው ሌመን ደጋግሞ ተርኮታል። ታሪኩ በየሥልጠናው ይነገራል፤ የሚዘነጋው ግን ሌመን እስከዚያ ድረስ በውስጡ ያከማቸው ነገር ስለነበረ ሲቀነስ የሚቀር ነገር መገኘቱ ነው። ባዶውን ሰው ቢቀንሱት ትርፉ ባዶ ነው።

ደረጃ 4፦ ድምፅን ለማይክ ያስተካክሉ

አማርኛ ግስን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህም ለተዋናይ ትልቅ ጉዳይ ነው። «እማዬ፣ ቤቱን» እስከሚለው ድረስ እናትየው ገና ምንም አልሰማችም፤ ሸጥኩትም፣ አደስኩትም፣ አከራየሁትም ሊሆን ይችላል። ዜናው ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። የለዘበ የፊልም ትወና ለማሳየት ብለው የዓረፍተ ነገሩን ጅራት የሚውጡ ወጣቶች የሚውጡት ዜናውን ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ረጃጅም ስንኞች በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ግስ ማድረስ የተማረ ሰው ግን ይህን በሽታ አያውቀውም። ይህ ከ«ሰ» ልማዶች አንዱ ነው፤ በሹክሹክታም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል በትንፋሽ ይደግፉት።

ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ መድረክ የሚያስተምረን ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይነግራል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። በካሜራ ፊት ፈጥኖ መናገር ሲመጣ ይህ ልዩነት ቀድሞ ይጠፋል፤ በድምፅ ቅጂው ላይም ተመልካች ይደናገራል። መለወጥ ያለበት ግን የፈንጂ ድምፆች አያያዝ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጰ ጠንከር ብለው ሲወጡ ቃሉ ይጠራል፤ ደረት ላይ በተሰካ ማይክ ግን ያው ጥንካሬ እንደ ድንጋይ ይመታል። ፊደሉን ሳያጠፉ የሚገፉትን አየር ብቻ ያሳንሱ። በትዕይንቱ ውስጥ የሚጮሁበት ቦታ ካለ ደግሞ ከቀረጻው በፊት ለድምፅ ባለሙያው በእውነተኛው መጠን አንዴ ያሰሙት፤ በልምምድ ለስልሰው በቴክ ላይ ቢጮሁ ድምፁ ይሰነጠቅና ጥሩው ቴክ ይባክናል።

በመድረክ የሠለጠነ ድምፅ ለቅርብ ጆሮ እንዴት እንደሚሆን መስማት የሚፈልግ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሬዲዮ የተረከበትን ይስማ። የመድረክ ሰው ነበር፤ እዚያ ግን የሚተርከው ለአዳራሽ ሳይሆን በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ለተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ነው። አንድም ግስ አልተዋጠም፤ አንድም ቃል አልተጮኸም።

ደረጃ 5፦ ዓይንና ፊትን ለክሎዝ አፕ ያዘጋጁ

ስሌቱን እንይ። 20 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፊት በሲኒማ ስክሪን ላይ 4 ሜትር ሆኖ ሲታይ ሁሉም ነገር ሃያ እጥፍ ያድጋል፤ ግማሽ ሴንቲሜትር የተነሣ ቅንድብ በስክሪኑ ላይ 10 ሴንቲሜትር ይነሣል ማለት ነው። ስለዚህ በክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊት ብቻ ፍሬሙን በሚሞላበት ሾት፣ ጊዜ ፊት ስሜትን እንዲያሳይ ማዘዝ አያስፈልግም። ሐሳቡን ብቻ ያስቡት፤ ካሜራው ከነመንገዱ ያየዋል።

ለዓይን አቀማመጥ በእንግሊዝ አገር የክፍለ ሀገር ቴአትር ቤቶች ለዓመታት የሠራው የፊልም ተዋናይ ማይክል ኬይን በ1987 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ባቀረበው ትምህርት ላይ ያሳየው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሰው ከቅርብ ሲያነጋግሩ ዓይንዎ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ይመላለሳል፤ በክሎዝ አፕ ይህ መቅበዝበዝ ይመስላል። ስለዚህ ከባልደረባዎ ዓይኖች ለካሜራው የቀረበውን አንዱን ብቻ ይያዙ፤ ያን ጊዜ ፊትዎ ወደ ሌንሱ ይዞራል፣ ዓይንዎም ይረጋል። በስልክ ቀርጸው ሁለቱን አያያዝ ቢያነጻጽሩ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማድመጥ ነው። በመድረክ ባልደረባዎ ሲናገር ታዳሚው እርሱን ያያል፤ በፊልም ግን አዘጋጁ ከንግግሩ ይልቅ የአድማጩን ፊት ሊመርጥ ይችላል። በአራቱ መስመሮች ውስጥ ትልቁ ሾት «ቤቱን ሸጥኩት» ሲባል የእናት ፊት ነው። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሌሾቭ በ1910ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የታዋቂውን ተዋናይ የሞዡኺንን አንድ ዓይነት ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር እያጣመረ ባሳየበት ሙከራ ተመልካቾች ረሃብ፣ ሐዘንና ፍላጎት አየን እንዳሉ ይነገራል። ከዚህ ተነሥተው «ፊልም ላይ ምንም አለማድረግ ይበቃል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኤዲቲንግ ትርጉም ሊሰጠው የሚችለው ክፍት የሆነ ፊት እንጂ የተዘጋ ፊት አይደለም፤ በእውነት የሚሰማ ሰው ፊት ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

የእኛን ቋንቋ ተናጋሪ ብቻ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ስንስማማ ወይም መስማታችንን ስናሳይ «እህ» ብለን አየር ወደ ውስጥ እንስባለን፤ እንግዳ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ከመድረክ ላይ ይህች ትንፋሽ ሦስተኛው ረድፍ ሳትደርስ ስለምትጠፋ አዘጋጆች «ይሁን በል» ብለው ወደ ቃል ይቀይሯት ነበር። በካሜራ ፊት መልሰው ይውሰዷት። እናትየው «ሲኒህን አምጣ» ከማለቷ በፊት ያቺን አንዲት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ብትስባት ሰምታለች፣ ገብቷታል፣ ልታወራበት ግን አልፈለገችም፤ ይህ ሁሉ በግማሽ ሰከንድ ያልቃል።

ደረጃ 6፦ እጅና ዕቃ በቃል ላይ ይሰኩ

ጀበናው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አንድ ትዕይንት በመጀመሪያ ከሩቅ በማስተር ሾት፣ ከዚያ በእናት ክሎዝ አፕ፣ ከዚያ በልጁ ይቀረጻል፤ በማስተሩ ላይ ሲኒውን በቀኝ እጅዎ ይዘው «ሸጥኩት» ካሉ በክሎዝ አፑም በዚያው እጅ፣ በዚያው ቃል ላይ መያዝ አለብዎ። ካልሆነ ሁለቱ ሾቶች አይጋጠሙም። ኮንቲኒዩቲ (የሾቶቹን መጋጠም) የሚከታተል ባለሙያ በሌለበት አነስተኛ ፕሮዳክሽን ይህ ሸክም የተዋናዩ ነው።

የመድረክ ሰው ይህን ያለ ችግር መቻል አለበት፤ በየሳምንቱ በዚያው ቃል ላይ በዚያው እጅ መጋረጃ የከፈተ ነውና። ዘዴው እንዲህ ነው። በስክሪፕቱ ላይ ድርጊቱን ከቃሉ በላይ በእርሳስ ይጻፉ፦ «እማዬ» ላይ ሲኒው ከረከቦቱ ይነሣል፣ «ቤቱን» ላይ በአየር ይቆማል፣ ከ«ሸጥኩት» በኋላ ሳይጠጣ ይመለሳል። እናት «ሲኒህን አምጣ» ስትል ጀበናው ገና ከማቶቱ አልተነሣም። ይህን አምስት ጊዜ በተከታታይ ቅረጹና ድምፁን ዘግታችሁ አነጻጽሩት። በመጀመሪያው ቀን አምስቱም ይለያያሉ፤ በአራተኛው ቀን መግጠም ይጀምራሉ። ድርጊት ባነሰ ቁጥር ማስታወስ ይቀላልና ሲኒ ማንሣት በቂ ከሆነ ስኳር ማማሰል አይጨምሩ።

ሌላው ጥንቃቄ፣ በክሎዝ አፕ ጊዜ በባልደረባዎ ቃል ላይ ደርበው አይናገሩ፤ ዳይሬክተሩ ካልፈለገው በቀር ድምፁ ከተደራረበ ኤዲተሩ መቁረጫ ቦታ ያጣል።

ደረጃ 7፦ ቦታዎን ሳያዩ ያግኙ

ተዋናዩ የሚቆምበትን ቦታ እንዲያሳይ ወለሉ ላይ የተለጠፈው ማርክ በመድረክ ከምናውቀው የመብራት ክብ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ በካሜራ ላይ አንድ ስንዝር ማለፍ ፊትን ከፎከስ ማውጣቱ ነው። ከማርኩ ተነሥተው ወደ መነሻዎ ወደ ኋላ በመራመድ እርምጃዎን ይቁጠሩ፤ ሲቀረጹ ወደ ወለሉ ሳያዩ ይደርሳሉ።

ደረጃ 8፦ ሳቅ ለሌለበት ቤት ይዘጋጁ

በኮሜዲ ያደገ የመድረክ ሰው ቀልዱን ከጣለ በኋላ ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ይጠብቃል፤ የጊዜ ምጣኔው ሁሉ በታዳሚው ላይ የተመሠረተ ነው። በቀረጻ ቦታ ግን ማንም አይስቅም፤ የሳቀ ሰው እንዲያውም ቴኩን ያበላሻል። የመድረኩን ዝምታ ይዘው ከመጡ በፊልሙ ላይ ገጸ ባሕርይው ቃሉ የጠፋበት ይመስላል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ቀልዱን ለሌላው ገጸ ባሕርይ ብቻ ይናገሩ፤ የሚያስቅ መሆኑን እርስዎ አያውቁም፣ እርሱም አይስቅም። የሚሳቅበትን ክፍተት የሚተው ኤዲተሩ ነው።

ጉልበትን ማከፋፈልም መማር ያለበት ነው። በቴአትር ሁለት ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ይሠራል፤ በፊልም አሥር ሰዓት ይጠበቅና አሥር ደቂቃ ይሠራል። በማስተር ሾቱ ላይ እንባዎን ሁሉ ካፈሰሱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ክሎዝ አፑ ሲመጣ ደርቀው ይገኛሉ። የመጀመሪያውን በልክ ይሥሩትና ሙሉውን ለቅርቡ ሾት ያቆዩ። የባልደረባዎ ክሎዝ አፕ ሲቀረጽ ግን፣ ከካሜራው ጀርባ ሆነው ቃልዎን ሲያቀብሉ፣ አይቆጥቡ፤ በመድረክ ጀርባዎን ለታዳሚ ሰጥተው ባልደረባዎን ያነጋገሩበት ጊዜ እንደነበረ ያስታውሱና በዚያው ሙሉነት ይስጡት። ሰው በዚህ ያስታውስዎታል፤ ለቀጣዩ ሥራ የሚጠራዎትም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ ቅጂዎን በሥርዓት ይመልከቱ

የቀረጹትን ወዲያው አይመልከቱ፤ ያን ዕለት ራስዎን ከመውቀስ ወይም ከማድነቅ ሌላ የሚያገኙት የለም። አንድ ሌሊት ያሳድሩትና በሦስት ዙር ይዩት። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ይመልከቱ፤ ምን እንደፈለጉ ከፊትዎ ብቻ የሚነበብ ከሆነ ዓይንና ሰውነት ሥራቸውን ሠርተዋል። ቀጥሎ ስልኩን ደፍተው በጆሮ ብቻ ያድምጡ፤ የተዋጠ ግስ ካለ የት ቦታ እንደሆነ በስክሪፕቱ ላይ ያስምሩ። በሦስተኛው ዙር ሁለቱንም አንድ ላይ ይዩና በእያንዳንዱ መስመር ላይ «አሁን የማናግረው ማንን ነው? ምን ያህል ይርቃል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «የኋላው ረድፍ» የሆነበትን መስመር ብቻ ይዘው ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ፤ ያን መስመር በ20 ሜትር፣ በሦስት ሜትር፣ በመጨረሻም ጉልበት ለጉልበት ሆነው እንደገና ይቅረጹት።